አማይ ኤስናት የጠሩት ስም

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የስልኬ መልእክት መቀበያ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ስጫነው መጀመሪያ ከሩቅ አገር የተደወለ ስልክ የሚያመጣው ሹርሹርታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ቃላቱን እየመረጠ በእንግሊዝኛ የሚናገር የወንድ ድምፅ። የአማይ ኤስናት የእህት ልጅ መሆኑን ተናገረ። «አክስቴ ዐርፈዋል። ለአንቺ ሳልነግር እንዳልቀር አደራ ብለውኝ ነበር» አለ። ቁጥሩን ሰጥቶ ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ፤ መልሼ አወጣሁት። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ ወረድኩና ያለ ምንም ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ አቬኑን ተከትዬ ነዳሁ። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲጨንቀው ቤት ውስጥ ከሚዞር መኪና ውስጥ ቢዞር ይሻለዋል የሚሉትም እሳቸው ናቸው።

አማይ ኤስናት የማላዊ ሰው ነበሩ። «አማይ» በአገራቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ለትልቅ ሴት ሁሉ ከስሟ በፊት ይባላል። ባላቸው ግብርና ሊማር አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ሲመጣ አብረውት መጡ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ እሱ ወደ ሌላ ስቴት፣ ወደ ሌላ ሴት ሄደ። እሳቸው ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከእኔ ሕንፃ አጠገብ ቀሩ። የተዋወቅነው ግን ኢገን ውስጥ የሕክምና ቱቦ የሚታሸግበት ድርጅት በተቀጠርኩ ጊዜ ነው። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ የመጣሁ፣ ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ።

የማሸጊያው ክፍል አቧራ እንዳይገባው ስለሚፈለግ ሁላችንም ነጭ ጋዋን፣ የፀጉር መረብና ማስክ እናደርጋለን። ከሰው የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። አማይ ኤስናት ማስኩን ይወዱት ነበር። «ይህ ነገር እኛ አገር ቢኖር ስንት ሰው ይተርፍ ነበር» ይሉ ነበር። እሳቸውን ግን በማስክም ቢሆን መለየት ይቻላል። እጃቸው ቱቦውን ከረጢት ውስጥ ሲያስገባ የቀኝ እግራቸው ተረከዝ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይመታል፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጎ። ሱፐርቫይዘሯ በርዷቸው መስሏት ማሞቂያው ይጨመር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አመስግነው እግራቸውን አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጀመረ።

«ይህች እግር የእኔ አይደለችም፤ የፓርቲው ናት» አሉኝ፣ ዓይኔ እግራቸው ላይ መሆኑን ሲያዩ።

አንድ ቦታ መርጋት የሚባል ነገር አያውቁም። በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ ሌላ ወንበር ይመርጣሉ፤ የትኛውም ይሁን ፊታቸው ወደ በሩ መሆን አለበት። መኪናቸውን ትናንት ያቆሙበት ቦታ ዛሬ አያቆሙም። ሥራ ስንጨርስ እኔና ጋሽ ሰይድ ፓርኪንጉን እየዞርን የምንፈልገው ለዚህ ነበር። ጋሽ ሰይድ ወሎዬ ነው፤ የልጆች አባት፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው። የሱ መኪና ብዙውን ጊዜ ስታርት አላደርግ ስለምትል፣ እኔም ገና መንዳት ስለማልችል፣ ሦስታችን በአማይ ኤስናት መኪና ነበር የምንመላለሰው።

ስለ አገራቸው ማውራት ሲፈልጉ መጀመሪያ መስኮቶቹን በሙሉ ይዘጋሉ። በሐምሌ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው በማይሠራ መኪና ውስጥ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ወንበር በላብ እየተጠመቀ፣ «ማማ፣ እዚህ ሀይዌይ ላይ ማን ይሰማናል? ያ ባለ ትራኩ?» ይላቸዋል።

«ባለ ትራኩ ዘመድ እንደሌለው በምን አወቅህ?» ይሉታል።

የነገሩን ቀስ በቀስ ነው፤ አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ትንሽ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊገዛ የተሾመበት አገር ነበር። የፓርቲ መታወቂያ ያልያዘ አውቶቡስ አይሳፈርም፤ ገበያም አይገባም። ሴት ሱሪ መልበስ በሕግ ተከልክሏል። ፕሬዚዳንቱ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ደግሞ ሴቶች የሳቸው ፊት የታተመበት ጨርቅ ለብሰው፣ በጭነት መኪና ተጭነው ሄደው፣ ፀሐይ ላይ ሲጨፍሩ ይውላሉ። የቀረች ስሟ ይያዛል። አማይ ኤስናት ድምፃቸው ያማረ ስለሆነ አውጪ ተደረጉ። እሳቸው የፕሬዚዳንቱን ስም ይጠራሉ፤ ሴቶቹ «አሊ ፓኖ» እያሉ ይቀበላሉ። እዚህ አለ ማለት ነው። እዚህ አለችም ማለት ነው፤ እነሱ ጋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

እኔም በተራዬ ተማሪ ሳለን ለሰልፍ እንዴት እንደምንወጣ፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን እንዴት እንደምንፈክር ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ ላሳያቸው ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ ሲያነሳ የመኪናውን ጣሪያ መታው። ያን ቀን እስከ ኢገን ድረስ ሳቅን።

ስለ ላሜክ የነገሩን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

ላሜክ ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አንድ ቀን ዝናብ መትቶት መጣና ከገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ስቦ ጭቃ የነካውን የብስክሌቱን መቀመጫ ጠረገበት። ጨርቁ የእህቱ የጭፈራ ጨርቅ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ ፊት ያለበት። ጎረቤት አየ። ቀይ ሸሚዝ የለበሱ የፓርቲው ወጣቶች መጥተው ከሚያስተምርበት ክፍል፣ ጠመኔውን እንደያዘ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ ያየው የለም። ከዓመታት በኋላ አንድ ከእስር የተፈታ ሰው መሞቱን ነገራቸው፤ የት እንደተቀበረ ግን እሱም አያውቅም።

«ላሜክ በተወሰደ በሳምንቱ ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ወደ ከተማችን መጡ» አሉ አማይ ኤስናት፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ሄድኩ። ያንኑ ጨርቅ ለብሼ። ጭቃው ዳር ዳሩን አልለቀቀም ነበር። ስማቸውን አወጣሁ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። እግሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም።»

ጋሽ ሰይድ ስለ ሙቀቱ አልተናገረም።

መንዳት ያስተማሩኝ በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ በረዶ በጋገረበት ባዶ ፓርኪንግ ላይ ነው። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ እንደ ቁራሽ ሳሙና ትንሸራተታለች፤ እሳቸው ደግሞ አይቆጡም። ከመኪናው በላይ የሚያሳስባቸው ድምፄ ነበር። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ተጠይቄ የመለስኩትን መልስ ማንም ሳይሰማው ቀርቶ በኀፍረት ስቃጠል የዋልኩ ቀን፣ ወደ ቤት ሲያደርሱኝ ሞተሩን አጥፍተው ዞር አሉ። «ድምፅሽ ትንሽ ነው» አሉኝ። «አትዘኚበት። ከወጣ ትንሽም ይበቃል።»

አገራቸው የተለወጠችው እኛ ኢገን ቱቦ ስናሽግ ነው። ሕዝቡ አንድ ፓርቲ ይሻላል ወይስ ብዙ ተብሎ ተጠየቀ፤ ብዙ አለ። ቀጥሎ ምርጫ ተደረገና ሽማግሌው ተሸነፉ። በእነዚያ ወራት አማይ ኤስናት በእረፍት ሰዓት ካፍቴሪያ አይገቡም፤ መኪናቸው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ አንቴናውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ይቀመጣሉ። ወሬው የተረጋገጠ ዕለት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ወዳለ የአሮጌ ልብስ መደብር ነዱና ሱሪ ገዙ። ቡናማ፣ የወንድ የሚመስል ሱሪ። ግን አልለበሱትም። የዋጋ ወረቀቱ እንደተንጠለጠለበት ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ ሰቀሉት። መቼ ነው የሚለብሱት ስላቸው፣ «እግሬ ገና አላመነችም» አሉኝ።

በከተማችን የነበሩት የማላዊ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ማኅበራቸውን የሚመራው ዊልሰን የሚባል የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ ትሑት ሰው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አንድ እሑድ አማይ ኤስናት ቤት ሳለሁ መጣ። ከአዲሱ መንግሥት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሚኒያፖሊስን ሊጎበኙ ስለሆነ ማኅበሩ አቀባበል ያደርጋል። ይህን ብሎ ከቦርሳው ቢጫ ጨርቅ አወጣ። የአዲሱ ፕሬዚዳንት ፊት ታትሞበታል። ሴቶቹ ይህን ለብሰው ይጨፍራሉ፤ አውጪዋ አማይ ኤስናት ይሆናሉ።

አማይ ኤስናት ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ጥጡ የድሮው ነው» አሉ። «የተለወጠው ፊቱ ነው።»

«አማይ፣ ያኔ በግድ ነበር» አለ ዊልሰን። «አሁን በፈቃዳችን ነው።»

«እንግዲያው አልጨፍርም ብልስ?»

«ማንም አያስገድድዎትም። ነገር ግን ከእርስዎ ሌላ አውጪ የለንም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእስር ቤቶቹ ጉዳይ በሰውየው እጅ ነው። እርስዎ ካወጡ፣ ከጭፈራው በኋላ ለብቻ አገናኝዎታለሁ። ስለ ላሜክ ይጠይቋቸዋል።»

ይህን ካለ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአማይ ኤስናት ተረከዝ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸው ባሰበት። ነዳጅ መስጫውን የምትረግጠው ያችው የቀኝ እግር ስለሆነች መኪናዋ ሳትቀር በዜማ መሄድ ጀመረች፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ሆኖ እየተናጠ ምክሩን ለገሰ። «ማማ፣ ይጨፍሩ። ለሹም ያልጨፈረ ማን አለ? እኔ ለደርግ ጨፍሬያለሁ፤ ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ወደቀ ብዬ ጨፍሬያለሁ። እግሬ ያው አለች። ሹም ሲስቅ ነው ጉዳይ የሚነገረው።»

እሱን ቤቱ አድርሰን ሁለታችን ብቻ ስንቀር መኪናውን ዳር አስይዘው መስኮቶቹን ዘጉ። በዊልሰን በኩል ለአዲሱ መንግሥት ስለ ላሜክ ደጋግመው መልእክት መላካቸውን፣ በሌሎችም በኩል መጠየቃቸውን ነገሩኝ። ሁሉም ያዝንላቸዋል። ሁሉም እናያለን ይላል።

«በጓዳ ስንት ጊዜ ጠየቅሁ» አሉ። «በጓዳ የጠፋ ሰው በጓዳ ከተጠየቀ እዚያው ጓዳ ይቀራል።»

ያሰቡትንም ነገሩኝ። አውጪ ሆነው ይቆማሉ። ሁሉም የአዲሱን ፕሬዚዳንት ስም ሲጠብቅ እሳቸው የላሜክን ስም ይጠራሉ። ባለሥልጣኑ ለብቻ ማናገር ቀርቶ በኋላ ፊታቸውንም ላያዩ ይችላሉ፤ ያንን ያውቁታል። የፈሩት ሌላ ነገር ነው። አውጪ ያለ ተቀባይ ምንም አይደለችም። ከሴቶቹ ማንም ካልተቀበላቸው የላሜክ ስም በሰው ሁሉ ፊት ሁለተኛ ሊጠፋ ነው።

«ማንም ካልተቀበለኝ አንቺ ትቀበይኛለሽ» አሉኝ።

እኔ የእነሱ ሰው አለመሆኔን ነገርኳቸው።

«ለዚህ እኮ ነው። እነሱ ሁሉም አገር ቤት እናት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። አንቺን በማን ያስፈራሩሻል?»

እዚያው መኪና ውስጥ ተለማመድኩ። እሳቸው ስሙን ይጠራሉ፤ እኔ «አሊ ፓኖ» እላለሁ። ደግመን፣ ደጋግመን። መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ውጭው አይታይም ነበር።

አቀባበሉ የተደረገው ደቡብ ሚኒያፖሊስ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ባለሥልጣኑ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሳቃቸው ሰፊ የሆነ ትልቅ ሰው ናቸው። ሴቶቹ ቢጫውን ጨርቅ ወገባቸው ላይ አስረው በግማሽ ክብ ቆመዋል። ከበሮ ስላልነበረ አንዲት ሴት የተገለበጠ ባልዲ ትመታለች። እኔ ጫፍ ላይ፣ ልጅ ካዘለች ሴት አጠገብ ቆሜያለሁ።

አማይ ኤስናት ቡናማውን ሱሪ ለብሰው ገቡ። የዋጋ ወረቀቱ ተነስቷል፤ እሱን የያዘችው ቀጭን የፕላስቲክ ክር ግን ወገቡ ላይ ቀርታለች። ቢጫውን ጨርቅ አልለበሱትም፤ በጥንቃቄ አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት። የዊልሰን ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። እሳቸው መሀል ገብተው ቆሙ። ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ ያንን እግር ዝም ብሎ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባልዲው ተመታ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አማይ ኤስናት ራሳቸውን ቀና አድርገው የወንድማቸውን ስም አወጡ።

«ላሜክ።»

ጭብጨባው ወለም አለ። ባልዲው ቆመ። ከኩሽናው የፍሪጁ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማል። ባለሥልጣኑ ፈገግታቸውን እንደያዙ ስሙ የማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ዊልሰን ዞሩ። አማይ ኤስናት ወደ እኔ አላዩም። ወደ ማንም አላዩም። እንደገና ጠሩት።

«ላሜክ።»

አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ሲወጣ ሰማሁት፤ ቀጭን፣ የባዕድ ቅላፄ ያለው። በዚያው ቅጽበት አጠገቤ ያለችው ልጅ ያዘለችው ሴትም «አሊ ፓኖ» አለች። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም። አማይ ኤስናት ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ሴትዮዋ ይመስለኛል። ሦስተኛ ሲጠሩት ግማሹ ክብ ተቀበለ። አራተኛ ሲጠሩት ባልዲው ተመለሰ። ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ጠሩ፤ ብስክሌቱን ጠሩ፤ ጠመኔውን ጠሩ፤ ሴቶቹ ለሁሉም እዚህ አለ አሉ። ባለሥልጣኑ እንደ ልማድ ሆኖባቸው አብረው ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። ዊልሰን ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሲላቸው እጆቻቸው ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ።

ከዚያ አማይ ኤስናት ዝም አሉ። የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጅ ያዘለችው ሴት ወደ መሀል ገባችና የሌላ ሰው ስም አወጣች። አባቷ ነበሩ። ከእሷ በኋላ ባልዲ የምትመታዋ። ከእሷ በኋላ ሌላዋ። አንዳንዷ ስሙን ስትጠራ ዓይኗን ጨፍና ነው፤ ቢጫው ጨርቅ ወገቧ ላይ እንዳለ። አማይ ኤስናት አሁን ከተቀባዮቹ ጋር ቆመው ለሁሉም ይመልሱ ነበር።

ባለሥልጣኑ ለእራት ሳይቀመጡ ሄዱ። በሩ አጠገብ ከአማይ ኤስናት ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እንደ ሰው ሁሉ እናያለን አሉ። አማይ ኤስናትም የሰውየውን እጅ ሳይለቁ፣ «ስሙን አልሰማሁትም አይበሉ እንጂ ቀስ ብለው ይዩ» አሏቸው።

ዊልሰን ለብዙ ጊዜ አኮረፋቸው። ከባለሥልጣኑም ምንም አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ኢገን ስንሄድ መኪናዋ ያለ ዜማ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ሆኖ ሁሉንም ከሰማ በኋላ፣ «እንግዲህ ማማ ሹሙን አስጨፈሩት» አለ። እሳቸው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። ባለ ትራኩ ቢሰማ ይስማ።

እግራቸው ግን ለዘለቄታው አልዳነም። ከሳምንታት በኋላ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት አገራቸው ሊመለሱ እንደወሰኑ ሲነግሩኝ፣ ፍርሃቱ ወደ እኔ ዞረ፤ ብቻቸውን እስር ቤት ለእስር ቤት ሲዞሩ ታየኝ። «እዚህ የጠየቅሁት አንድ ሰው ነው» አሉኝ። «እዚያ የሚጠየቅ ብዙ አለ።» መኪናቸውን ለጋሽ ሰይድ ሸጡለት። መስኮቷ አልዘጋ አለኝ እያለ እስከ ዛሬ ያማርራል።

ያ ቅዳሜ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጫፍ ደርሼ ስመለስ ጋሽ ሰይድ ቤት ቆምኩና ነገርኩት። በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ወንድማቸውን አገኙት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ደውዪና ጠይቂ እንጂ አንቺ ልጅ፤ ይሄ እኮ ነው ጉዳዩ» አለኝና የራሱን የስልክ ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ቤቴ ገብቼ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ደወልኩ። የእህታቸው ልጅ አነሳው። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ለቅሶ ቤቱ ገና አልተበተነም። ማጽናናት የማውቀውን ያህል አጽናናሁት። ከዚያ ጠየቅሁት። ላሜክ አልተገኘም። አማይ ኤስናት ከእስር ቤት እስር ቤት ዞረው፣ ዘበኞቹን በስማቸው እስኪያውቋቸው ድረስ ሄደው፣ አንድ ሰው አንድ ሜዳ አሳይቷቸው፣ ሌላው እዚያ አይደለም ብሏቸው፣ በመጨረሻ ታመሙ።

«በቀብራቸው ላይ ግን ያንን ዘፈን ዘፈንላቸው» አለኝ። «ከአሜሪካ ያመጡትን።»

የትኛውን አልኩት።

«የጠፉ ሰዎች ስም የሚጠራበትን። በየመንደሩ ሴቶቹን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። እዚህ የአሜሪካ ዘፈን ነው የሚሉት። አክስቴ፣ መጀመሪያ የተቀበለችኝ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ናት ይሉ ነበር። መጀመሪያ የላሜክን ስም አወጣን፤ ቀጥሎ የሳቸውን። መንደሩ በሙሉ ተቀበለ።»

የስልክ ካርዱ የተቀዳ የሴት ድምፅ ከመሀል ገብቶ ደቂቃው ሊያልቅ መሆኑን ተናገረ። ልጁ የሰማ አልመሰለኝም። ከኋላው ያሉትን ሰዎች ዝም እንዲሉ በቋንቋቸው ሲጠይቅ፣ ጫጫታው ሲበርድ ሰማሁ። ስልኩን ወደ ለቀስተኞቹ ሳያዞረው አልቀረም፤ ድምፁ ራቅ ብሎ መጣ።

«ኤስናት» ብሎ ጠራ፣ ጠበቀም።

ሴንት ፖል ውስጥ፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣ ወተቱ ጠረጴዛው ላይ እንደሞቀ፣ «አሊ ፓኖ» አልኩ። ትንሽ ነበር ድምፄ። ግን ወጣ።